አምስት ትምህርት ቤት፣ አንድ ቀን መቁጠሪያ

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አብረውኝ የተመረቁት አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅማ ሲበታተኑ እኔ መቱ ቀረሁ። የታሰበበት ውሳኔ አልነበረም። እናቴ ታማ ስለነበር እስክትድን ብዬ ነው የቀረሁት፤ እሷ ድና ገበያ መመላለስ ስትጀምር እኔ ሥራ ይዤ ተገኘሁ።

ሥራውን የሰጡኝ ልጅ ሆኜ የተማርኩበት የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ክረምት ከበጋ ከሹራብ በላይ ኮት የሚደርቡ፣ ሲናገሩም ሲራመዱም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ ኮምፒዩተር አይደል እንዴ የተማርሽው አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ እንግዲያው ምዝገባውን፣ ውጤቱንና የሪፖርት ካርዱን ኮምፒዩተር ላይ አድርጊልኝ፣ ጸሐፊዬ በእጅ ስትገለብጥ ዓይኗ ጠፋ አሉ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆመን ተስማማን።

በሦስት ወር ጻፍኩት። የሠራሁበት ፒኤችፒ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል፣ ይሰድቡታልም። ኢንተርኔት እንደልብ ስለማይገኝ ፕሮግራሙን ያስቀመጥኩት እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ ጸሐፊዋም መምህራኑም ከየክፍላቸው በኬብል ይገቡበታል። አንድ ትልቅ ፎልደር፣ በውስጡም አንድ በጣም ትልቅ ፋይል። ያ ፋይል የማይሠራው ነገር አልነበረም። ተማሪ ይመዘግባል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ማርክ ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ካርድ ያትማል። ወደ ታች ስወርድበት መጨረሻው አይደረስም። እኔም በርዝመቱ እኮራ ነበር።

ጋሼ ደስ ሲላቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ጎሬ ላሉ ዳይሬክተር ጓደኛቸው ነገሯቸው። ጎሬ ሄጄ ፎልደሩን ኮፒ አደረግኩ፣ የትምህርት ቤቱን ስምና ማህተም ቀየርኩ፣ የሚፈልጉትን ሁለት ሦስት ነገር ጨመርኩ፣ አለቀ። ከዚያ ያዮ፣ ከዚያ በደሌ፣ ከዚያ ኖፓ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አምስት ትምህርት ቤቶች የእኔን ፕሮግራም ይጠቀሙ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ግን ፕሮግራሙ አንድ አልነበረም፤ አምስት ነበር። ጎሬ ላይ ያረምኩት ስህተት በደሌ ላይ እንዳለ ነው። በደሌ ላይ ያሳመርኩት ገጽ መቱ ላይ የለም። አንድ ነገር ተበላሸ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደተበላሸ ሳይሆን የት እንደሆነ ነበር። ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ላይ ነው የምውለው። ሾፌሮቹ ስለለመዱኝ ጋቢና ያስቀምጡኝ ነበር፣ እኔም ሥራ ማለት ይኸው ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

በትምህርት ቤቶቹ ምዝገባ የሚጦፈው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ነው። ወላጆች ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ሳይበተኑ ልጆቻቸውን ማስመዝገብ ይፈልጋሉ። በዚያ ዓመት በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ቁርስ ሳልቀምስ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ፕሮግራሙ ተማሪ አልመዘግብም ብሏል፣ ወላጆች ተሰልፈዋል፣ ዝናቡም እየጣለባቸው ነው አሉኝ። ጫማዬን አጥልቄ ሳልጨርስ ከያዮ ተደወለ። ከዚያ ከበደሌ። ከዚያ ከኖፓ። የሁሉም ነገር አንድ ነው፤ የተማሪውን ስም ሞልተው አስገባ ሲሉት “የተሳሳተ ቀን” የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል።

ትምህርት ቤቱ በሩጫ ደረስኩ። ጸሐፊዋ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ተቀምጬ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ጳጉሜን ስድስት። በዚያች ቅጽበት ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጄ የጻፍኩት መስመር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ቀኑ ከአምስት አይበልጥም ይላል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ማን ያጣዋል። ስጽፈው ግን አላሰብኩትም፣ በቃ። ሰው የተመዘገበበትን ቀን ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚሞላው፤ ዛሬ ጳጉሜን ስድስት ነው ብሎ ይሞላና እሱው መልሶ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል።

መስመሩን ለማረም ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አለቀ ወይ አሉኝ።

“እዚህ አልቋል” አልኳቸው።

ሌላውስ የት አለ ብለው ሲጠይቁኝ ስልኬ ላይ ከያዮ፣ ከበደሌና ከኖፓ የተደወለልኝን ዝርዝር አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ኮታቸውን አስተካክለው ቶሎ ሂጂ አሉኝ። ጋሼ ቶሎ የሚል ቃል ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመሄዴ በፊት ግን ብልጥ ልሁን አልኩ። ያዮ ደወልኩና ጸሐፊውን ፋይሉን እንዲከፍት አድርጌ የሚቀየረውን መስመር በስልክ አነበብኩለት። ነጠላ ሰረዝ ያልኩትን ድርብ አደረገው፣ ቅንፍ ዝጋ ያልኩትን ከፈተው፤ ስንጨርስ ገጹ በሙሉ ነጭ ሆነ። ቅድም ተማሪ አልመዘግብም ይል የነበረው ፕሮግራም አሁን መከፈትም እምቢ አለ። ያን ጊዜ ስልኩን ዘግቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ያዮን ራሴ ገድዬዋለሁና ወደዚያ መቅደም ነበረብኝ፤ ነገር ግን ሞልቶ ሊወጣ የነበረው የጎሬ መኪና ነበር። ጎሬ ደግሞ ጭራሽ አልደወሉም። ይኼ ከሁሉ በላይ አስፈርቶኝ ስለነበር ዘልዬ ገባሁ።

የጎሬውን ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል የያዙት አንዲት እትዬ ናቸው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የግዕዙን ፊደልም በላቲን የሚጻፈውን የኦሮምኛ ቁቤም አሳምረው ይጽፋሉ። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹን አባቶችና እናቶች ጭምር የመዘገቡ ናቸው። ስገባ ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እሳቸው አንዲት እናት በኦሮምኛ እያነጋገሩ በትልቅ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኗል።

ለምን እንዳልደወሉ ጠየቅኳቸው።

“ማሽንሽ ስድስተኛዋን ቀን አላውቃትም አለ” አሉኝ። “እኔ አውቃታለሁና በደብተር መዘገብኳቸው። የሉቃስ ዘመን መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ አልሰማሽም?”

ተሸማቅቄ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከተውኩ መቆየቴን ነገርኳቸው። ጨርቁን ገልጬ ሳርም እሳቸው ሻይ አስመጡልኝና አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ምን እንደማደርግ ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። ስጨርስ ፍላሼን ነቅዬ ስነሳ ወዴት ነው አሉ። ያዮ፣ ከዚያ በደሌ፣ ከዚያ ኖፓ አልኳቸው።

“አሁን ያረምሽው ለእነሱም አይደለም?”

“አይደለም እትዬ። የየራሳቸው ፋይል ነው ያላቸው። እዚያም ሄጄ ማረም አለብኝ።”

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “ለምን? እኛና በደሌ ሌላ ሌላ ቀን መቁጠሪያ አለን እንዴ?”

መኪና ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ፤ ጥያቄው ግን እስከ ያዮ ተከተለኝ።

ያዮ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ጸሐፊው በሠራው ነገር ተደናግጦ ምሳውን አልበላም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ አረጋጋሁትና ነጩን ገጽ አነሳሁለት። በደሌ ስገባ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዘበኛው ብቻ ነበር። ከፍቶልኝ አረምኩ፤ ግን ለማን? የሚመዘገብ ሰው የለም። የአዲስ ዓመት ጠዋት በደሌ አንድ ሆቴል ብቻዬን ስነቃ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ በረንዳው ላይ ይጨፍሩ ነበር። እናቴ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ እንኳ ሳትለኝ ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ልትዞሪ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝና ዘጋችው።

ኖፓ የደረስኩት በዓሉ አልፎ መስከረም ሦስት ቀን ነው። ጸሐፊዋ በፈገግታ ተቀበለችኝ። ችግሩ በራሱ ጊዜ ለቀቀ፣ ምንም አልነካሁትም፣ ለከንቱ ደከምሽ አለችኝ። ልክ ናት፤ መስከረም ስለገባ ፕሮግራሙ ሰላም ሆኗል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ላያየው የሚችል መስመር አርሜ፣ ምሳ ጋብዛኝ ተመለስኩ።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ መምህር ሆኖ መቱ ቀርቶ ነበር። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲቀልድ ፊቱ የማይለወጥ ልጅ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍሬምወርክ ተጠቀሚ ይለኝ ነበር። ፍሬምወርክ ማለት ሌሎች ሰዎች ጽፈው የጨረሱት የፕሮግራም መዋቅር ነው። ተጠቃሚ ማስገባቱን፣ ገጽ መክፈቱን፣ መረጃው ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ ጋር መነጋገሩን እሱ ይሠራልሻል፤ አንቺ የራስሽን ጉዳይ በየክፍሉ ለይተሽ ትጽፊበታለሽ። እያንዳንዱ ክፍል ሞጁል ይባላል። ሞጁሉ የራሱ ፎልደር፣ የራሱ ገጾች፣ የራሱ ሠንጠረዦች አሉት፤ አንዱን ነቅለሽ ወስደሽ ሌላ ፕሮግራም ላይ ብትሰኪው መሥራት አለበት። እኔ ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ግን ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እንጂ ኖፓ ላለ አንድ ትምህርት ቤት አይመስለኝም ነበር። ደግሞም ያን ረጅም ፋይል ለብቻዬ ነው የጻፍኩት።

የጳጉሜኑን ጉድ ስነግረው አልሳቀም። ቀን የሚቆጥረው ነገር በፕሮግራምሽ ውስጥ ስንት ቦታ ተጽፏል አለኝ። አንድ ቦታ ነው አልኩ። ፈልጊው አለኝ። ፈለግኩ፤ በአንዱ ፎልደር ብቻ ሰባት ቦታ ነበር። ለምዝገባ አንድ፣ ለልደት ቀን አንድ፣ ለቀሪ መቆጣጠሪያ ሁለት፣ ለካርዱ አንድ፣ የቀሩት ሁለቱ ለምን እንደተጻፉ እኔም አላወቅኩም። ከሰባቱ ያረምኩት አንዱን ብቻ ነው። ሰባት በአምስት ስንት እንደሆነ ለማስላት ጓደኛዬን ማየት አላስፈለገኝም።

በዚያው ሳምንት ጋሼን እንደገና ልጽፈው ነው አልኳቸው። አልወደዱትም። የሚሠራ ነገር ለምን ይፈርሳል አሉ። ቆይተው ግን ካርዳቸው በመልኩም በፊደሉም እንዳይነካ ካስጠነቀቁኝ በኋላ ፈቀዱ። ከዚያ ጎሬ ደወልኩ። እትዬ መቱ እህት ስላላቸው ቅዳሜ መጥተው ዋሉልኝ፤ በሌላ ቅዳሜም መጡ። የአምስቱን ትምህርት ቤቶች ገጾች በወረቀት አትሜ በመምህራን ማረፊያው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ሥራችን አንድ ነው፤ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት የሆነውንና የየራሳቸው የሆነውን መለየት።

እኔ ብቻዬን ብሆን በኮዱ እለየው ነበር፣ ስህተትም እሠራ ነበር። እትዬ ኮድ ስለማያውቁ ወረቀቱን የሚያዩት በሥራው ነው። ቀን መቁጠሪያውን ሳያመነቱ ለብቻ አስቀመጡት። ማርክ መደመሩን ለብቻ፣ ቀሪ መቆጣጠሪያውን ለብቻ። ካርዱን ከማርኩ ጋር ሳደርገው ወስደው ለዩት፤ ድምሩ የሁሉም አንድ ነው፣ ካርዱ ግን የየቤቱ ነው አሉ። ይህ ሲያልቅ የተማሪ ስም የሚሞላበትን ገጽ አነሱና ይኼም ለብቻው ይሁን አሉ። ስም ምን ያስለየዋል፣ የተማሪው ምዝገባ አካል አይደለም ወይ አልኳቸው።

የእኛ አገር ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። ልጁ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው። ስሙ በቁቤም በፊደልም ይጻፋል። አንዱ ጸሐፊ በቁቤ ሲጽፍ ድምፁን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል፤ አንዱ አናባቢውን ያስረዝማል፣ ሌላው ያሳጥራል። ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ስም ወደ ቁቤ ሲገባ በየትምህርት ቤቱ ሌላ ነው፤ የኦሮምኛውም ስም በፊደል ሲጻፍ እንደዚያው። ልጁ ከያዮ ወደ ጎሬ ሲዛወር በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ልጅ ይሆናል።

“ልጁ ሁለት አይደለም” አሉኝ እትዬ። “ጽሕፈቱ ነው ሁለት። እሱን የሚያውቅ አንድ ነገር ሥሪልኝ።”

ሠራሁት። የስም ሞጁል በሁለቱም ጽሕፈት ይቀበላል፣ የሚመሳሰሉትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያሳያል፣ አንድ ናቸው አይደሉም የሚለውን ግን ለሪከርድ ክፍሉ ሰው ይተዋል። ያንን ለማሽን አልሰጥም ያሉት እትዬ ናቸው።

ሥራው ሁሉ ግን እንዲህ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ያዮ አካባቢ ቡና ለቀማ ሲደርስ ልጆች ከቤተሰብ ጋር ጫካ ይገባሉ፤ ትምህርት ቤቱም ያንን ቀሪ ብሎ አይቆጥርም፣ ለብቻው ይይዘዋል። ድሮ በያዮው ኮፒ ላይ ጨምሬው ነበር። አሁን የቀሪ መቆጣጠሪያውን ሞጁል ስጽፍ መሐሉ ላይ ትምህርት ቤቱ ያዮ ከሆነ እንዲህ አድርግ ብዬ ሰነቀርኩበት። ጓደኛዬ ሊያይልኝ መጥቶ እዚያ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

“ሞጁልሽ የት እንደሚኖር ካወቀ ሞጁል አይደለም” አለኝ። “ነገ ኖፓ ሌላ ነገር ሲጠይቁ ኖፓ ከሆነ ልትይ ነው። ከዚያ በደሌ ከሆነ። ያ ረጅም ፋይልሽ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።”

ሁለት ቀን ተኳረፍን። እኔ የያዮን ችግር በቅጡ ስላላወቀ ነው እያልኩ ለራሴ እከራከር ነበር። በሦስተኛው ቀን መስመሩን አጥፍቼ በምትኩ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን የፈቃድ ዓይነት የሚሞላበት ትንሽ ገጽ ጨመርኩ። ያዮዎች ቡና ለቀማ ብለው ሞሉ። ከወር በኋላ የኖፓዋ ጸሐፊ ማንንም ሳትጠይቅ ለወንዝ ሙላት አንድ ፈቃድ ሞልታ አገኘሁ፤ ክረምቱ ሲበረታ ወዲያ ማዶ ያሉ ልጆች መሻገር አይችሉም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ቡና ጋበዘኝ፤ እርቅ ማለት ነው።

የበጋው መጀመሪያ ላይ አምስቱም ትምህርት ቤቶች ወደ አዲሱ ፕሮግራም ገቡ። ሞጁሎቹ ለሁሉም አንድ ናቸው፤ የየትምህርት ቤቱ ካርድና ማህተም ብቻ ይለያያል። አንድ ነገር ሳርም ኔትወርክ ሲኖር ለአምስቱም በአንዴ እልክላቸዋለሁ። ሚኒባስ ሳልሳፈር ሁለት ሳምንት ስለቆየሁ አንዱ የጎሬ ሾፌር መንገድ ላይ አስቁሞ ታምመሽ ነበር ወይ አለኝ።

ትዕቢት ሳይሰማኝ አልቀረም። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ለወላጆች ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ስም ሞጁሉ ላይ አንድ ትንሽ ማስተካከያ አደረግኩ። ረጅም ስሞች ሳጥኑ ውስጥ እንዲገቡ ብዬ ነው። መቱ ላይ ሁለት ስም ሞከርኩ፣ ጥሩ ነው፤ ለአምስቱም ላክሁት። ከሁለት ቀን በኋላ በጠዋት እትዬ ደወሉ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ካርዱ ላይ የአያት ስም የለም አሉኝ። የማን አልኳቸው። የማንም አሉ። ክፍሉን ሙሉ አትመው፣ አንድ በአንድ አይተው፣ አስረው አስቀምጠውታል። አያቱ የሌለበትን ካርድ ለወላጅ አልሰጥም፣ አንዱ ልጅ ከአንዱ አይለይም አሉ።

የሞከርኳቸው ሁለቱም ስሞች አያታቸው ያልተሞላ ነበሩ። ድሮ አንድ ስህተት ስሠራ አምስት ከተማ እየዞርኩ አርም ነበር፤ አሁን አንድ ስህተት ሠርቼ አምስት ከተማ በአንድ ሌሊት አዳረስኩ። በደሌና ኖፓ ገና አላተሙም ነበር፣ አመለጡ። ያዮ ግማሹን አትመዋል። ጋሼ በሙሉ አትመው፣ ፈርመው፣ ማህተም መትተው ጨርሰዋል። የዚያን ካርድ ነገር ስንት ጊዜ እንዳስጠነቀቁኝ እያስታወስኩ ቢሯቸው ገባሁ። ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ ተቀመጪ አሉኝ። ከዚያ አንዱን ካርድ አነሱና በእስክሪብቶ የአያቱን ስም በፊቴ ጻፉበት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

“ጸሐፊዬም እንዲህ ነበር የምትውለው” አሉኝ። “ዓይኗ እንዴት እንደጠፋ ይግባሽ።”

እስከ ቀትር ድረስ ሦስታችን፣ ጋሼ፣ ጸሐፊዋና እኔ፣ በእጅ ጻፍን። ቁጣ አልነበረበትም። ጸሐፊዋ እያንዳንዱን አያት ታውቃለች፤ ይኼኛው ጥሩ ሰው ነበር፣ ያኛው መሬቱን ለወንድሙ ተወለት እያለች ትነግረናለች። አፍሬ ከገባሁበት ቢሮ ከተማዬን ስገባ ከማውቃት ይበልጥ አውቄ ነው የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሞጁል ቁጥር ሰጠሁ። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ወዲያው አይጠፋም፤ ትምህርት ቤቱ በያዘው ቁጥር ይቆያል። አዲሱን መጀመሪያ የምልከው ለጎሬ ብቻ ነው። እትዬ ሳምንት ሙሉ ያገላብጡትና ይሁን ካሉ ለሌሎቹ ይሄዳል። ይሁን የማይሉባቸው ሳምንታትም አሉ። ጓደኛዬ ይህ ሥራ በውጭ አገር ስም እንዳለውና ሰዎች ደመወዝ እንደሚበሉበት ሲነግራቸው እትዬ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ንገርልኝ አሉት።

ስድስተኛው ትምህርት ቤት ዳሪሙ ነው። እዚያ ፕሮግራሙን የተረከበኝ አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ፒኤችፒን ከስልኩ ላይ እያነበበ ለብቻው የተማረ። መጀመሪያ ሲያገኘኝ ጥያቄ አበዛብኝ፤ ሞጁሎቹ እንዴት እንደሚሰካኩ፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራ። አሳየሁት፣ ረሳሁትም። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ሾፌር እጅ ፍላሽ ደረሰኝ። የቤተ መጻሕፍት ሞጁል ነው። የትኛው ተማሪ የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደ፣ መቼ መመለስ እንዳለበት ይይዛል። የተማሪውን ስም ከእኔ ስም ሞጁል ይጠይቃል፣ የሚመለስበትን ቀን ከእኔው ሞጁል ያሰላል፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ቁጭ ብዬ ስህተት ፈለግኩለት። ከረጅም ፍለጋ በኋላ አንድ አገኘሁ፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ ቀን ሁለቴ ተወስዶ ሁለቴ ቢመለስ ሁለተኛው አይመዘገብም። ደስ አለኝ። ከዚያ ሞጁሉን መቱ ላይ ሰካሁት፤ አንድ መስመር ሳልነካ ተነሳ። ማውጫው ላይ “ቤተ መጻሕፍት” የሚል የሚጫን አዲስ ቁልፍ ብቅ አለ። ጽፌው የማላውቀው ነገር በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ሲሠራ ሳየው ቅናቱ የት እንደገባ አላውቅም፤ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ሳቅኩ። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸውና ማን ጻፈው አሉኝ። ዳሪሙ ያለ መምህር ነው ስላቸው፣ እዚያ ድረስ ሄደሽ አስጽፈሽው ነው ወይ አሉ። አይደለም፣ እኔ ሳላውቅ ነው የጻፈው አልኳቸው። ይኼ ደግ ነው አሉ።

ላመሰግነው ዳሪሙ ሄድኩ። መኪናው ከሚደርስበት ጀምሮ ያለውን በእግር ነው የሄድነው፤ መምህሩ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ይዞ ሲያስቀርብኝ እየሳቀ ረኮን ሂን ጅሩ፣ ችግር የለም፣ ስትመለሺ ይደርቃል ይለኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት መደርደሪያ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። አንዲት ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ልትወስድ መጣች፤ ስሟን በቁቤ ጻፈው፣ ፕሮግራሙ የመመለሻ ቀኗን ነገራት፣ ወጣች። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ በታች ነው ያለቀው። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ እንግዳ አያለሁ፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም።

ዝም ማለት ስላልቻልኩ ያቺን ስህተት አነሳሁበት። በአንድ ቀን ሁለቴ ተወስዶ ሁለቴ ቢመለስ አልኩት፣ ትንሽ እየተኩራራሁ።

“እሱንማ ባለፈው ሳምንት አረምኩት” አለኝ። “አዲሱን ቁጥር አልላክሁልሽም እንዴ?”